ለእሱስ ማን ነገረው?

ከእኛ አንዱ ከጂዳ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀመጠ። ሌሊት ነው፤ በመስኮቱ የሚታይ ነገር የለም። ከፊት ለፊት ባለው ትንሽ ስክሪን ላይ ግን አንዲት ነጭ አውሮፕላን ሰማያዊውን ባሕር እያቋረጠች ነው።

«ልጄ፣ አሁን የት ደረስን?»

«ቀይ ባሕር ላይ ነን፣ እናቴ።»

«ማን ነገረህ?»

«ይሄ ስክሪን ነዋ።»

እናት ስክሪኑን ትንሽ አስተዋሉት። «ለእሱስ ማን ነገረው?»

ጓደኛችን «ሳተላይት» አለ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። ወሬውን ሲነግረን መጀመሪያ ሳቅን። ቆይተን ስናስበው ግን የእናት ጥያቄ የአውሮፕላን መሐንዲሶች ከስልሳ ዓመት በላይ ሲጨነቁበት የኖሩት ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። እኛ ስለ ጂፒኤስ ስናወራ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ያህል ሜትር ይሳሳታል?» እንላለን። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ሰው የሞተው በአብዛኛው በዚህ ጥያቄ መልስ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ሁለተኛው ነው፤ ማሽኑ ሲሳሳት «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይናገራል ወይ?

ይህ ጽሑፍ የሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስፑትኒክ ድምፅ የተወለደ ሐሳብ

ነገሩ የሚጀምረው በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ነው። ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ሰደደች፤ ያቺ ትንሽ ኳስም «ቢፕ፣ ቢፕ» እያለች ምድርን ትዞር ጀመር። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአፕላይድ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ ድምፁን በሬዲዮ ሲያዳምጡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሳተላይቷ ስትቀርብ የምልክቱ ድግግሞሽ ከፍ፣ ስትርቅ ደግሞ ዝቅ ይላል። አምቡላንስ በአጠገባችን ሲያልፍ ጩኸቱ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው። ከዚህ ለውጥ ብቻ ተነሥተው የሳተላይቷን ምኅዋር አሰሉት።

በ1958 የሥራ አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ጥያቄውን ገለበጠው። እኛ ያለንበትን እያወቅን ሳተላይቷ የት እንዳለች ካወቅን፣ የሳተላይቷን ቦታ እያወቅን እኛ የት እንዳለን ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። የሳተላይት ናቪጌሽን በሙሉ በዚህች ግልበጣ ላይ የቆመ ነው።

እዚህ ላይ የእኛም አገር ከታሪኩ ጋር ተገናኝታለች። ስፑትኒክ የተላከችው ከ1957 አጋማሽ እስከ 1958 መጨረሻ በተካሄደው «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ውስጥ ነው። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም የተቋቋመው ከዚሁ ጥናት ጋር በተያያዘ ነበር። አዲስ አበባ የተፈለገችው የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአጠገቧ ስለሚያልፍ ነው። ይህ መስመር ኋላ ላይ ለጂፒኤስ ችግር ሆኖ ስለሚመጣ አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ከማክሉር ሐሳብ የተወለደው የመጀመሪያው ሥርዓት «ትራንዚት» ይባላል። የተሠራው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል፣ ኑክሌር ሚሳይል ለተሸከሙ ሰርጓጅ መርከቦች ሲሆን በ1964 ሥራ ጀመረ። ለመርከብ ጥሩ ነበር። ለአውሮፕላን ግን አልሆነም፤ ሳተላይቶቹ ጥቂት ስለነበሩ አንዷ በአናት ላይ እስክታልፍ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ይህን ያህል ከጠበቀ፣ መልሱ ሲደርሰው ሌላ አገር ገብቷል።

ሰዓት የሆነው ካርታ

በ1973 ብራድፎርድ ፓርኪንሰን የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ኮሎኔል የመራው ቡድን የዛሬውን ጂፒኤስ ንድፍ አወጣ፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በፌብሩዋሪ 1978 ተተኮሰች። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው አቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል፤ እያንዳንዳቸው «እኔ እዚህ ቦታ ነኝ፣ ሰዓቱ ይህ ነው» እያሉ ይናገራሉ። ተቀባዩ ምልክቱ ለመድረስ ምን ያህል እንደፈጀ ያሰላል፤ ጊዜው በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ ርቀት ይሆናል። ከሦስት ሳተላይቶች ርቀት ቦታውን፣ በአራተኛዋ ደግሞ የራሱን ርካሽ ሰዓት ስሕተት ያርማል።

ሲሠራ ግን ምሕረት የለውም። ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢዛነፍ ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛነፋል። አንስታይን እንደነገረን ደግሞ በዚያ ከፍታና ፍጥነት የሚሄድ ሰዓት ከምድሩ ሰዓት በቀን ወደ 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል። ይህ ባይታረም ስሕተቱ በአንድ ቀን ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በደረሰ ነበር። እንግዲህ ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጭ አውሮፕላን ካርታ ትመስላለች እንጂ መሠረቷ ሰዓት ነው።

269 ሰዎች

የኮሪያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 007 በሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 የሆነበትን ነገር ስለ ጂፒኤስ የሚጽፍ ሁሉ ያነሳዋል። ቦይንግ 747ቱ ከኒውዮርክ ተነሥቶ በአላስካዋ አንኮሬጅ በኩል ወደ ሴኡል ይበር ነበር። ከመንገዱ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ወጣ፤ የሶቭየትን የካምቻትካ ልሳነ ምድር አቋረጠ፤ በሳካሊን ደሴት በኩል ሲያልፍም የሶቭየት ተዋጊ ጄት በሚሳይል መታው። 269 ሰዎች አለቁ።

ብዙውን ጊዜ ታሪኩ እንዲህ ተብሎ ይጨረሳል፦ «ያኔ ጂፒኤስ ስላልነበረ ጠፉ፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሬጋን ጂፒኤስን ለዓለም ሰጡ።» ግማሹ እውነት ነው። የሬጋን መንግሥት በዚያው ወር፣ ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪል በረራ ክፍት እንደሚሆን አስታውቋል። ነገር ግን ለሲቪል የሚሆን ምልክት ከመጀመሪያውም በንድፉ ውስጥ ነበረ። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ሌላው ግማሽ ነው።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) በ1993 ባወጣው ሁለተኛ ሪፖርት የአውሮፕላኑ የናቪጌሽን መሣሪያ አልተበላሸም ነበር። 007 ኢንርሺያል የሚባለውን፣ ከውጭ ምልክት ሳይፈልግ ከራሱ እንቅስቃሴ ቦታውን የሚያሰላ መሣሪያ፣ አንድ ሳይሆን ሦስት ተሸክሟል። ችግሩ አውቶፓይለቱ መሣሪያውን አለመከተሉ ነበር፤ ከአንኮሬጅ ጀምሮ አንድ የኮምፓስ አቅጣጫ፣ 245 ዲግሪን ይዞ ዝም ብሎ ሄደ። አብራሪዎቹ ከአምስት ሰዓት በላይ ይህን አላስተዋሉም። ትክክለኛው መልስ ኮክፒቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ አውሮፕላኑ ግን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተሳስቷል። «ከመንገድ ወጥተናል» ያለ ግን አልነበረም።

ስለዚህ 007ን የገደለው የሜትር ጉድለት ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። የጎደለው ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሆን ተብሎ የተቀመጠ ስሕተት

ሬጋን ቃል ከገቡ በኋላ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ እስኪጀምር 12 ዓመት ፈጀ፤ የተጠናቀቀው በ1995 ነው። በ1994 አሜሪካ አገልግሎቱን ያለ ክፍያ ለዓለም የሲቪል በረራ በኢካኦ በኩል አቀረበች። ስጦታው ግን እሾህ ነበረው። የአሜሪካ ጦር ጠላት እንዳይጠቀምበት በማለት የሲቪሉን ምልክት ሆን ብሎ ያበላሽ ነበር። በዚህ ምክንያት ተራው ተጠቃሚ የሚያገኘው ቦታ እስከ 100 ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ ጦሩ ግን የተመሰጠረውን ንጹሕ ምልክት ይጠቀማል።

የታሪክ ቀልድ አይጠፋምና፣ በ1990 እና 1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ ወታደር የሚበቃ የጦር መሣሪያ ተቀባይ አልተገኘም። ወታደሩ በረሃ ውስጥ ከገበያ በተገዛ የሲቪል ተቀባይ መንገዱን ይፈልግ ጀመር። ጦሩም የራሱን ወታደር ላለማሳሳት የማበላሻውን ስልት ለጊዜው አጠፋው! የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በበኩሉ ሌላው መሥሪያ ቤት የሚያበላሸውን ምልክት የሚያርሙ ጣቢያዎች ይተክል ነበር። አንዱ እጅ ያሰረውን ሌላው እጅ ይፈታል።

በሜይ 2 ቀን 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ስሕተቱ ተነሣ። በአንድ ሌሊት፣ ማንም አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ፣ በዓለም ያለ ተቀባይ ሁሉ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ተሻሻለ። በ2007 ደግሞ አሜሪካ መጪዎቹ ሳተላይቶች ይህ የማበላሸት ችሎታ ጭራሽ እንደማይኖራቸው አስታወቀች። በ2020 የወጣው የአገልግሎት መስፈርት ለሲቪሉ ምልክት በአማካይ በአግድም 8 ሜትር፣ በከፍታ 13 ሜትር ወይም ከዚያ የተሻለ፣ ከ100 ጊዜ 95ቱን ቃል ይገባል። ከፍታው የሚብሰው ሳተላይቶቹ ሁሉ ከላይ እንጂ ከታች ስለሌሉ ነው፤ ከታች ምድር ትጋርዳለች። ለሚያርፍ አውሮፕላን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከፍታው ነው።

ትክክለኛነት ሲገድል

እስካሁን «ስሕተት ሲቀንስ ደህንነት ይጨምራል» ብለን እያሰብን መጥተናል። ብራዚል ላይ የሆነውን ስናነብ ግን ቆም አልን።

በቀድሞው ጊዜ አውሮፕላኖች ከምድር የሬዲዮ ጣቢያ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ይበሩ ነበር። የጣቢያው አቅጣጫ በ3 ዲግሪ ቢዛነፍ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ አውሮፕላን ከመስመሩ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። የአየር መንገዱ በካርታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ቢሆንም አውሮፕላኖች በግራና በቀኝ ተበታትነው ነበር የሚበሩት። ይህ መበታተን ማንም ያላሰበው ጠባቂ ነበር፤ ሁለት አውሮፕላኖች በስሕተት በአንድ ከፍታ ፊት ለፊት ቢመጡ እንኳን ዕድላቸው መተላለፍ ነው።

በሴፕቴምበር 29 ቀን 2006 የጎል አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከማናውስ ወደ ብራዚሊያ፣ አዲስ የተገዛ ትንሽ የኤምብራየር ሌጋሲ ጄት ደግሞ ወደ ማናውስ ይበሩ ነበር። ሁለቱም 37,000 ጫማ ላይ፣ ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። የበረራ ቁጥጥሩ ስቷል፤ የትንሹ ጄት ትራንስፖንደር ምልክት እየላከ ስላልነበር የግጭት ማስጠንቀቂያው አልጮኸም። የሁለቱም ናቪጌሽን ግን እንከን አልነበረውም። ከአማዞን ጫካ በላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰፊ ሰማይ ውስጥ፣ የትንሹ ጄት የክንፍ ጫፍ የቦይንጉን ክንፍ ቆረጠው። ቦይንጉ ውስጥ የነበሩት 154 ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ ትንሹ ጄት ቆስሎም ቢሆን አንድ የጦር ሠፈር ላይ አረፈ።

ጥቂት አሥር ሜትሮች ቢሳሳቱ ኖሮ አይነካኩም ነበር። ጥፋቱ የጂፒኤስ አይደለም፤ የሰውና የአሠራር ነው። ነገር ግን ድሮ የሰውን ጥፋት ይሸፍን የነበረው መዛነፍ አሁን የለም። ኢካኦም ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ባሕር ላይና ራቅ ባሉ ሰማያት አብራሪዎች ሆን ብለው ከመስመሩ ወደ ቀኝ እስከ 2 የባሕር ማይል፣ ማለትም እስከ 3.7 ኪሎ ሜትር፣ ወጣ ብለው እንዲበሩ የሚያስችል ደንብ አለው። ስሕተትን ለማጥፋት ቢሊዮኖች ፈስሰው ሲያበቁ ጥቂቱን ስሕተት በደንብ መመለስ ግድ ሆነ።

«አትመኑኝ» የሚል ማሽን

አቪዬሽን ከዚህ ሁሉ የተማረውን አንድ ቃል ይገልጸዋል፤ ታማኝነት። በመሐንዲሶች ቋንቋ ታማኝነት ማለት አለመሳሳት አይደለም። ሲሳሳቱ በጊዜ መናገር ነው።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2004 ጥሩ ምሳሌ ሰጠን። የአንዲት ጂፒኤስ ሳተላይት አቶሚክ ሰዓት ተበላሸ። ሳተላይቷ ግን «ደህና ነኝ» እያለች መናገሯን ቀጠለች። ስሕተቷ በብዙ ኪሎ ሜትር እያደገ ሄዶ፣ ከምድር ተቆጣጣሪዎች «አትጠቀሙባት» የሚለው ምልክት እስኪሰጥ ድረስ ወደ 3 ሰዓት ገደማ አለፈ። ለእግረኛ ቀልድ ነው፤ ለሚያርፍ አውሮፕላን ግን አይደለም።

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። የመጀመሪያው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ ሳተላይቶቹን እርስ በርስ እንዲያፋጥጥ ማድረግ ነው። ቦታ ለማወቅ አራት ይበቃሉ፤ አምስተኛዋ ስትጨመር አንዷ ብትዋሽ ሒሳቡ አልገጥም ይላል። ስድስተኛ ካለች ደግሞ ውሸታሟ ማን እንደሆነች ተለይታ ትወጣለች። የእኛ ሽማግሌዎች ነገር ሲያጣሩ ምስክሮችን ለየብቻ የሚጠይቁት ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በምድር ላይ ጠባቂ መትከል ነው። ቦታቸው በሴንቲ ሜትር የታወቀ ጣቢያዎች ጂፒኤስን ቀንና ሌሊት ያዳምጣሉ። «እኔ የት እንዳለሁ አውቃለሁ፤ አንተ ግን እንዲህ እያልክ ነው» ብለው ልዩነቱን ያሰሉና እርማቱን በሌላ ሳተላይት በኩል ለአውሮፕላኖች ያደርሳሉ። አሜሪካ ይህን ዋስ የተባለ ሥርዓት በጁላይ 2003 ሥራ አስጀመረች፤ የአውሮፓው ኤግኖስ በ2011 ለበረራ ተፈቀደ። ስሕተት ሲገኝ አደጋው በ6 ሰከንድ ውስጥ ኮክፒት መድረስ አለበት። ከ3 ሰዓት ወደ 6 ሰከንድ!

የሚገርመው የቁጥሮቹ ልዩነት ነው። ይህን የመሰለ ሥርዓት በተለመደው ቀን የሚሳሳተው በአንድና በሁለት ሜትር ነው። አብራሪው በዚህ እየተመራ፣ መሬት ሳይታየው እስከ 60 ሜትር ከፍታ ድረስ ለመውረድ ሲፈቀድለት ግን ሥርዓቱ የሚምለው «ከፍታህ ከ35 ሜትር በላይ አይሳሳትም፤ ከተሳሳተ እነግርሃለሁ» ብሎ ነው። መሐላው የሚፈርስበት ዕድል ከ10 ሚሊዮን የአስተራረፍ ሙከራዎች በሁለቱ ብቻ እንዲሆን ይጠየቃል። በአንድ ሜትር ትክክል መሆን ቀላል ነበር። ገንዘቡና ዕውቀቱ የፈሰሰው ለመሐላው ነው።

የእኛ ሰማይ

አሁን ቅድም በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው መስመር እንመለስ። የሳተላይቱ ምልክት ወደ ምድር ሲመጣ አዮኖስፌር የሚባለውን፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችውን የአየር ንብርብር ያልፋል። ንብርብሩ ምልክቱን ያዘገየዋል፤ መዘግየት ደግሞ ሜትር ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ይህ መዘግየት በአብዛኛው ለስላሳ ስለሆነ በሒሳብ ይገመታል። በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ እንደሚፈላ ውኃ አረፋ ይሠራል፤ ምልክቱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። ይህ መስመር የሚያልፈው በእኛ ላይ ነው። ለዚህ ነው ለሰሜኑ ሰማይ የተሠራው የእርማት ስልት እንዳለ ተገልብጦ ወደ እኛ ሊመጣ የማይችለው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተተከለው የመግነጢስ መለኪያ ለአብራሪ ይጠቅማል ብሎ ያኔ ያሰበ ማን ነበር?

ሁለተኛው ጉዳይ ካርታ ነው። የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለች የኑብያ ስፍራ ስሙን በወሰደው «አዲንዳን» በተባለ የልኬት መነሻ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ዓለም በሙሉ በጋራ የሚጠቀምበትን መነሻ ይከተላል። አንድን ነጥብ ከአሮጌው ካርታ ላይ አንብባችሁ እንዳለ ወደ ጂፒኤስ ብታስገቡት ከ100 ሜትር በላይ ፈቅ ትላላችሁ። የማኮብኮቢያ ስፋት ብዙውን ጊዜ 45 ወይም 60 ሜትር ነው። ሳተላይቱ አልዋሸም፤ ካርታውም አልዋሸም። የተነጋገሩት በሁለት ቋንቋ ነው። ኢካኦ ከ1998 መጀመሪያ አንሥቶ አገሮች ሁሉ ለበረራ በአንዱ የጋራ መነሻ እንዲጠቀሙ ያዘዘው ለዚህ ነው።

ሐሰተኛው ሳተላይት

እስካሁን ያወራነው ስለ ብልሽት ነው። ተንኮልስ?

የጂፒኤስ ምልክት ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። በተመሳሳይ ድግግሞሽ የሚጮህ መሣሪያ በቀላሉ ያፍነዋል። ጃም ማድረግ ምን እንደሆነ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ለኖረ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ መጥፎ ቢሆንም ሐቀኛ ጥቃት ነው፤ መሣሪያው «ምልክት የለም» ይላል፤ አብራሪውም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የከፋው የሐሰት ምልክት ነው። አንድ ሰው ሳተላይት መስሎ ይናገራል፤ ተቀባዩም ያምነዋል። ምስክሮቹ ሁሉ የአንድ ውሸታም ድምፅ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ ማፋጠጡ አይሠራም።

ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን በ2024 ይህን በስልካቸው አይተውታል፤ ካርታው «ቤይሩት ነህ» ይላቸው ነበር። በዚያው ሰማይ የሚያልፉ አውሮፕላኖችም ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የቆሙ መስለው ታይተዋል። በሴፕቴምበር 2023 በኢራቅ ሰማይ ላይ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያስፈራል። አንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ የሐሰቱ ምልክት ኢንርሺያሉንም አሳሳተ፤ ምክንያቱም ኢንርሺያሉ ራሱን የሚያርመው ከጂፒኤስ እየሰማ ነው። ገለልተኛ ሆኖ ሊመሰክር የተቀመጠው ሰው ከውሸታሙ ጋር ሲያወራ አምሽቶ ነበር። አብራሪዎች «ወዴት እንሂድ?» ብለው የምድር ተቆጣጣሪን ለመጠየቅ ተገደዱ። ሌላም ጣጣ አለ፤ ቦታው ሲሳሳት ከፍ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ «መሬት! ወደ ላይ!» የሚል የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። ደጋግሞ በውሸት የጮኸ ማስጠንቀቂያ አንድ ቀን በእውነት ሲጮኽ ማን ይሰማዋል?

በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ፊንኤር ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ ከተማ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቆመ። እዚያ ለማረፍ ይጠቀምበት የነበረው መንገድ በጂፒኤስ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ጂፒኤስ የማይፈልግ ሌላ መንገድ እስኪዘጋጅ መጠበቅ ነበረበት። ይህ የደህንነት ውሳኔ ነው፤ ማንም አልተጎዳም። በዲሴምበር 25 ቀን 2024 ከባኩ ወደ ግሮዝኒ የበረረው የአዘርባጃን አየር መንገድ አውሮፕላን ግን እንዲህ አልታደለም። አብራሪዎቹ ጂፒኤስ እንደጠፋባቸው ለምድር ነገሩ፤ ማረፍ አልቻሉም፤ ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ ተመታ። ካስፒያንን ተሻግሮ ካዛክስታን ውስጥ አክታው አጠገብ ሲከሰከስ ከ67ቱ ሰዎች 38ቱ ሞቱ። የሩሲያ ሚሳይሎች በአውሮፕላኑ አቅራቢያ መፈንዳታቸውን ፕሬዚዳንት ፑቲን በኦክቶበር 2025 አምነዋል። ከ007 በኋላ 41 ዓመት አልፏል፤ አውሮፕላን ያለበትን በሜትር ማወቅ ተችሏል። የጦር መሣሪያ በተጠመደበት ሰማይ ውስጥ ግን የመንገደኛ አውሮፕላን ዛሬም ይመታል።

ያመኑት ፈረስ

አባቶቻችን «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይላሉ። ይህን የምንለው ጂፒኤስን ለማጣጣል አይደለም። ዛሬ የሚበር ሰው ከ1983ቱ መንገደኛ እጅግ የተሻለ ዋስትና አለው፤ ከዚህ ውስጥ የሳተላይት ድርሻ ትንሽ አይደለም። የምንለው፣ አንድ ነገር በጣም ትክክል ሲሆን ሌላውን ምስክር የማሰናበት ፈተና ይመጣል ነው። የምድር የሬዲዮ ጣቢያ ያረጃል፤ ጥገናው ገንዘብ ይበላል፤ «ሳተላይት እያለ ይህ ለምን?» የሚል የሂሳብ ሹም አይጠፋም። አሜሪካ እንኳን ብዙዎቹን አሮጌ ጣቢያዎቿን ስትዘጋ የተወሰኑትን ለክፉ ቀን ብላ ማቆየትን መርጣለች። ታርቱ የሆነውን ያየ ምክንያቱን አይጠይቅም። እኛም በአገራችን የምድሩን መሣሪያ፣ የሚጠግነውን ቴክኒሻንና ያለ ስክሪን መብረር የሚችለውን አብራሪ እንደ ትርፍ ወጪ ባንቆጥራቸው ይበጀናል።

ይሄ ነገር ከኮክፒት ውጭም ይሠራል። እኛ የስልክ ትውልድ ነን፤ ሰማያዊዋ ነጥብ «እዚህ ነህ» ካለችን አካባቢያችንን ቀና ብለን አናይም። ነጥቧን ከብቦ የሚታየውን ደብዛዛ ክብ ግን ስንቶቻችን አስተውለነዋል? ያ ክብ ማሽኑ «እስከዚህ ድረስ ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ የሚናዘዝበት ነው። ክቡ ሲሰፋ ማሽኑ ሐቁን እየነገረን ነው፤ እኛ ግን ነጥቧን ብቻ እናያለን።

ጓደኛችን ያንን ሌሊት እንደገና ቢያገኘው ለእናት እንዲህ ብሎ ሊመልስ ወስኗል፦ «ብዙ ምስክሮች ነገሩት፣ እናቴ። እየተጠባበቁ ነው የሚመሰክሩት፤ አንዱ ሲዋሽ ሌላው እንዲናገር።» እኛ ግን እናት በዚህም የሚለቁት አይመስለንም። «ሁሉም ከአንድ ሰው የሰሙ ከሆነስ?» ማለታቸው አይቀርም።